ክፍያው ለምን ተመለሰ? በአሜሪካ ባንኮች የኤሲኤች ክፍያ ሲወድቅ ምክንያቱን ለይቶ ማስተካከል

የቤት ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የእድር ወርኃዊ መዋጮ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አሜሪካ ውስጥ ከአካውንት ወደ አካውንት ሲሄዱ በብዛት የሚያልፉት ኤሲኤች በሚባለው የባንኮች መረብ ነው። ክፍያው ሳያልፍ ሲቀር ባንኩ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ ብቻ ነው፦ አር 01፣ አር 03፣ አር 10። ብዙ ሰው ይህን ኮድ ሳያይ በቀጥታ እንደገና ይልካል። በቂ ገንዘብ ስለሌለ የተመለሰ ክፍያ ቀን ጠብቆ በድጋሚ ሊላክ ይችላል። አካውንቱ ስለተዘጋ የተመለሰው ግን አሥር ጊዜ ቢላክ አሥር ጊዜ ይመለሳል። ባለቤቱ «አልፈቀድኩም» ብሎ ያስመለሰውን ደግሞ መልሶ መላክ ራሱ ደንብ መጣስ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ኮዱ መነበብ አለበት።

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ገንዘብ ለሚሰበስቡ ነው፤ ለእድርና ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዦች፣ ለአከራዮች፣ ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች። ከፋዩን የሚመለከተው ክፍል ወደ መጨረሻው ላይ አለ።

መጀመሪያ፦ «ገብቷል» ማለት «አልቋል» አለመሆኑን ይወቁ

ካርድ ሲያስነኩ ማሽኑ እዚያው የከፋዩን ባንክ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ከሌለ እዚያው ይከለከላል። ኤሲኤች እንዲህ አይሠራም። የእርስዎ ባንክ የብዙ ደንበኞችን ትእዛዝ አጠራቅሞ በጥቅል ወደ ማዕከል ይልካል። ማዕከሎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የፌዴራል ሪዘርቭ፣ ሌላው ክሊሪንግ ሀውስ የሚባለው የባንኮች ድርጅት። ማዕከሉ ጥቅሉን ፈትቶ ለየከፋዩ ባንክ ያደርሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ «ሰውየው ገንዘብ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚነሳው የከፋዩ ባንክ ሂሳቡን ሲያወራርድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገንዘቡ በእርስዎ አካውንት ላይ ታይቶ ሊሆን ይችላል።

የከፋዩ ባንክ ክፍያውን መመለስ ከፈለገ በአብዛኛው 2 የባንክ የሥራ ቀን አለው። ዓርብ የተወራረደ (ማለትም ባንኮቹ እርስ በርስ የተከፋፈሉበት) ክፍያ የሚመለስ ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ባንክ ሲከፈት ምላሹ እርስዎ ባንክ ደርሶ መገኘት አለበት። ሰኞ የፌዴራል በዓል ከሆነ ወደ ረቡዕ ይገፋል። ስለዚህ ገንዘቡን ሳያረጋግጡ እቃ የማይለቁ ከሆነ ከተወራረደበት ቀን በኋላ ሙሉ 2 የሥራ ቀን ይለፍ። በዚያው ቀን የሚደርሰው ፈጣኑ ኤሲኤችም ቢሆን የሚያሳጥረው ጉዞውን እንጂ ይህን የመመለሻ ጊዜ አይደለም።

የሐዋላ መተግበሪያዎች ላይ የሚፈጠረው ችግር ምንጩ ይኸው ነው። ወደ አዲስ አበባ የተላከው ብር በደቂቃ ሊደርስ ይችላል፤ ከላኪው አካውንት የሚወሰደው ዶላር ግን ቀናት ይፈጃል። ዶላሩ ከተመለሰ ድርጅቱ የከፈለው ከኪሱ ሆነ ማለት ነው፤ የላኪውን አካውንት ዘግቶ ገንዘቡን ይጠይቃል። በአካውንቱ ያለው ገንዘብ ለክቶ የሚበቃ ብቻ ከሆነ በዴቢት ካርድ መላክ ይሻላል፤ ካለ ያልፋል፣ ከሌለ እዚያው ይቆማል።

ሁለተኛ፦ ኮዱን ያግኙ

የሚሰበስቡበት ፕሮግራም ወይም የባንክዎ ድረ ገጽ ላይ የተመለሰውን ክፍያ ከፍተው ዝርዝሩን ይዩ። ኮዱ ካልተጻፈ ወደ ባንኩ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የመመለሻ ኮዱን፣ ክፍያው የተወራረደበትን ቀንና ባለ 15 አኃዙን የመከታተያ ቁጥር። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው «አላለፈም» ብቻ ብሎ ሊሸኝዎ ይችላል። «የቢዝነስ ባንኪንግ ክፍል ጋር ያገናኙኝ» ይበሉ፤ እዚያ ያሉት ኮዱን ያያሉ። ሦስቱንም ከአባሉ ስምና ከገንዘቡ መጠን ጋር መዝገብ ላይ ያስፍሩ። ቀኑ ያስፈለገው የሚቀጥሉት የጊዜ ገደቦች ሁሉ ከእሱ ስለሚቆጠሩ ነው።

ኮዶቹ ብዙ ናቸው፤ በተግባር የሚያጋጥሙት ግን ከሦስት ጥያቄ ለአንዱ መልስ ናቸው። ስንቅ፣ ማለትም በቂ ገንዘብ፣ አለ ወይ? አድራሻው፣ ማለትም የባንኩና የአካውንቱ ቁጥር፣ ትክክል ነው ወይ? ፈቃድ አለ ወይ?

የስንቅ ኮዶች፦ አር 01 እና አር 09

አር 01 በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው። አገር ቤት «ደረቅ ቼክ» የምንለው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በወንጀል የሚያስከስስ ሲሆን፣ እዚህ አር 01 በተለምዶ የሚያስከትለው ቅጣትና የተበላሸ ግንኙነት ነው። አር 09 ይለያል፤ ገንዘብ በአካውንቱ ይታያል፣ ግን ገና አልተለቀቀም። ከፋዩ ትናንት በስልኩ ቼክ ፎቶ አንሥቶ ያስገባ እንደሆነ ባንኩ ለቀናት ይዞት ሊቆይ ይችላል። ከፋዩ «ኧረ ገንዘብ አለኝ!» ብሎ ቢከራከር እውነቱን ነው፤ ያየው ግን ጠቅላላውን ሂሳብ እንጂ ማውጣት የሚቻለውን አይደለም።

በእነዚህ በሁለቱ ኮዶች የተመለሰ ክፍያ ከመጀመሪያው መወራረጃ ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ 2 ጊዜ በድጋሚ ሊላክ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ጋር በድምሩ 3 ሙከራ መሆኑ ነው። ደንቡን የሚያወጣው ናቻ የሚባለው ድርጅት ነው። ሲልኩ የሚከተሉትን ይጠብቁ፦

1. መጠኑ ያው ይሁን። 40 ዶላር የተመለሰ ከሆነ 40 ዶላር እንጂ ቅጣት ጨምረው 65 አድርገው አይላኩ። ቅጣት የሚያስከፍሉ ከሆነ አስቀድመው ያሳወቁት መሆን አለበት፤ የሚወሰደውም ለብቻው ነው።
2. ፕሮግራሙ ላይ «እንደገና ሙከራ» የሚለውን ምርጫ ይጠቀሙ። አዲስ ክፍያ አድርገው ከላኩት ደንቡ የሚፈልገው የድጋሚ ሙከራ ምልክት አይኖረውም።
3. በማግስቱ አይላኩ። ደውለው ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ጠይቀው፣ ከዚያ ቀን አንድ ቀን በኋላ ያድርጉት።

ሦስተኛው ነጥብ ቀላል ቢመስልም የሰው ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። የከፋዩ ባንክ በተመለሰ ክፍያ 25፣ 30 ወይም 35 ዶላር የሚያስከፍል ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ያስቀሩም ባንኮች አሉ። የሚያስከፍል ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የሞከረ ገንዘብ ያዥ አንድን አባል በ40 ዶላር መዋጮ ሰበብ ወደ 100 ዶላር ሊያስቀጣው ይችላል። ሰውየው ከእድሩ ቢወጣ አይፈረድበትም።

የአድራሻ ኮዶች፦ አር 02፣ አር 03፣ አር 04፣ አር 13፣ አር 20

አር 02 የተዘጋ አካውንት ነው። አር 03 ቁጥሩ መልኩ ትክክል ቢሆንም አካውንቱ አልተገኘም፣ ወይም ቁጥሩና ስሙ አልተገጣጠሙም ማለት ነው። አር 04 የቁጥሩ ቅርጽ ራሱ ለዚያ ባንክ የማይሆን መሆኑን፣ አር 13 ደግሞ የራውቲንግ ቁጥሩ፣ ማለትም ባንኩን የሚለየው ቁጥር፣ ትክክል አለመሆኑን ይናገራል። አር 20 አካውንቱ አለ፣ ግን ከእሱ እንዲህ ገንዘብ መውሰድ አይፈቀድም ማለት ነው፤ አንዳንድ የቁጠባ አካውንቶች እንዲህ ናቸው። አንዱንም እንደነበረ መልሰው አይላኩ፤ አዲስ ቁጥር ተቀብለው፣ አጣርተው፣ እንደ አዲስ ይላኩ።

ቁጥሩ የሚበላሸው የት ነው? በብዛት እነዚህ ቦታዎች ላይ፦

ኤክሴል። የአባላትን ዝርዝር በኤክሴል የሚይዙ ከሆነ ሰንጠረዡ ከፊት ያለውን ዜሮ ይቆርጣል። በ011 የሚጀምር ራውቲንግ ቁጥር በ11 የሚጀምር ባለ 8 አኃዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። የአካውንት ቁጥር እስከ 17 አኃዝ ሊደርስ ይችላል፤ ኤክሴል ደግሞ የሚይዘው 15ቱን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ወደ ዜሮ ይለውጣቸዋል። ምንም ነገር ከመጻፍዎ በፊት ዓምዱን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ይቀይሩ። ቁጥሩ ከገባ በኋላ መቀየር የጠፋውን አይመልስም።

ቼክ። በግል ቼክ ግርጌ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 9 አኃዙ ራውቲንግ ቁጥር፣ የአካውንት ቁጥሩ፣ ከዚያ የቼኩ ተራ ቁጥር ይሰለፋሉ። ሰው የቼኩን ተራ ቁጥር ከአካውንቱ ጋር አጣብቆ ይሰጣል። በትልልቅ የቢዝነስ ቼኮች ላይ የቼኩ ቁጥር ከሁሉም በፊት ሊመጣ ይችላል። ከገንዘብ ማስገቢያ ወረቀት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይቅዱ፤ እዚያ ያለው ራውቲንግ ቁጥር ለባንኩ የውስጥ ሥራ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የዋየር ቁጥር። አንዳንድ ትልልቅ ባንኮች ለዋየር (በጥቅል ሳይሆን አንድ በአንድ ከባንክ ወደ ባንክ ለሚላክ ገንዘብ) ሌላ፣ ለኤሲኤች ሌላ ራውቲንግ ቁጥር አላቸው። ከባንኩ ድረ ገጽ ሲወስዱ የትኛው እንደሆነ ያንብቡ።

ካርዱ ላይ ያለው ባለ 16 አኃዝ። ይህ የካርድ ቁጥር እንጂ የአካውንት ቁጥር አይደለም። አሁንም ግን በፎርም ላይ ሞልተው የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

ራውቲንግ ቁጥርን በእጅ ማጣራት ይቻላል። ዘጠኙን አኃዞች በቅደም ተከተል በ3፣ በ7፣ በ1፣ እንደገና በ3፣ በ7፣ በ1፣ እንደገና በ3፣ በ7፣ በ1 ያባዙና ይደምሩ። ድምሩ በዜሮ ካላለቀ ቁጥሩ ስህተት ነው። የቦስተኑ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ቁጥር 011000015 ነው፤ 7 እና 1 እና 7 እና 5 ሲደመሩ 20 ይሆናል፣ ያልፋል። አንድ አኃዝ ብቻ ከተሳሳተ ይህ ስሌት ሁልጊዜ ይይዘዋል። ለአካውንት ቁጥር ግን ሁሉም ባንክ የሚጋራው እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለም፤ ለዚህም ነው አደጋው ያለው እዚያ የሆነው።

ኤሲኤች ላይ ተቀባዩ ባንክ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ገንዘቡን ማስገባት ይችላል፤ ስም የማመሳከር ግዴታ የለበትም። የሠራተኛዎን ደመወዝ በአንድ አኃዝ ስህተት ቢልኩና ያ ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ክፍያው ላይመለስ ይችላል፤ ያልፋል፣ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ። በዚህ ጊዜ በተወራረደ በ5 የባንክ የሥራ ቀን ውስጥ ባንክዎን የመቀልበሻ ትእዛዝ እንዲልክ ይጠይቁ። ገንዘቡ ወጥቶ ከሆነ ግን ትእዛዙ ራሱ በአር 01 ሊመለስ ይችላል።

በተቃራኒው ስም የሚያዩ ባንኮችም አሉ፤ በተለይ የግብር ተመላሽ ሲገባ። የእኛ ባልና ሚስት የአባት ስማቸውን ይዘው ስለሚቀጥሉ የቤተሰብ ስም አይጋሩም። በባል ስም የመጣ ተመላሽ በሚስት ስም ብቻ ወደተከፈተ አካውንት ሲላክ ሊመለስ ይችላል። ስሙ ግብሩ ላይ ያለው ሰው አካውንቱም ላይ ይኑር።

ለአዲስ አባል ሙሉውን ከመውሰድዎ በፊት ቁጥሩን ይፈትኑ። አንዱ መንገድ ከ1 ዶላር በታች የሆኑ ሁለት ትንንሽ ገንዘቦችን ልኮ አባሉ መጠናቸውን እንዲነግርዎ ማድረግ ነው። ሌላው ባለ ዜሮ ዶላር የሙከራ ትእዛዝ ልኮ 3 የባንክ የሥራ ቀን መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ይሻላል፤ አካውንቱ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየው ከፍቶ ማየት መቻሉንም ያሳያል።

ክፍያው አልፎም የእርማት ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል፤ ኮዱ በአር ሳይሆን በሲ ይጀምራል። ሲ 01 የአካውንት ቁጥሩን፣ ሲ 02 ራውቲንግ ቁጥሩን፣ ሲ 05 ቼኪንግና ቁጠባ መምታታታቸውን ያርማል። ገንዘቡ ስለገባ ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። በ6 የባንክ የሥራ ቀን ውስጥ ወይም የሚቀጥለው ክፍያ ከመላኩ በፊት፣ ከሁለቱ በዘገየው፣ መታረም አለበት።

የፈቃድ ኮዶች፦ አር 07፣ አር 08፣ አር 10፣ አር 11፣ አር 29

አር 07 ከፋዩ የሰጠውን ፈቃድ አንሥቷል፤ አር 08 ይህን አንድ ክፍያ አስቁሟል። አር 10 «እነዚህን አላውቃቸውም» ወይም «አልፈቀድኩላቸውም» ነው። አር 11 ደግሞ «ፈቅጃለሁ፣ ግን እንደተስማማነው አይደለም»፤ 40 ዶላር ተብሎ 60 ሲወሰድ፣ ወይም በ15 ተብሎ በ10 ሲወሰድ። አር 11ን ስህተቱን አርመው መላክ ይቻላል። አር 07፣ አር 08 እና አር 10 ሲመጡ ግን ከሰውየው ጋር ተነጋግረው አዲስ ፈቃድ እስኪያገኙ እጅዎን ይሰብስቡ።

የግል አካውንት ላይ አር 07፣ አር 10 እና አር 11 የሚመጡት በ2 ቀን ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እስከ 60 ቀን ድረስ ሊመጡ ይችላሉ። በጥር የተሰበሰበ መዋጮ በመጋቢት ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። መከላከያዎ የተፈረመ ፈቃድ ነው። መጠኑን፣ ቀኑን፣ ከየትኛው አካውንት እንደሚወሰድና እንዴት እንደሚቋረጥ የያዘ ይሁን፤ ፈቃዱ ካበቃ በኋላም 2 ዓመት ያቆዩት። መዋጮው የሚጨምር ከሆነ ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ተስማምተናል» ተብሎ መጨብጨቡ በባንክ ደንብ ፈቃድ አይሆንም።

ሌላም ቀላል ምክንያት አለ። እድሩ በአንድ ስም ይታወቃል፣ በአባሉ የባንክ ዝርዝር ላይ ግን የተመዘገበው የእንግሊዝኛ ስሙ ተቆራርጦ ይወጣል። አባሉ አያውቀውም፣ ወደ ባንክ ይደውላል፣ አር 10 ይመጣል። በዝርዝሩ ላይ የሚወጣውን ስም ልክ እንደሚታየው ለአባላት አስቀድመው ይላኩ።

አር 29 የቢዝነስ አካውንት አልፈቀድኩም ሲል ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰው ሳይሆን በአካውንቱ ላይ የተጫነ ማገጃ ነው። ከፋዩ የእርስዎን ባለ 10 አኃዝ የኩባንያ መለያ ለባንኩ ሰጥቶ በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባዎ ይፈታል።

መጠኑንም ይከታተሉ። ከላኩት የመቀበያ ትእዛዝ ውስጥ በፈቃድ ምክንያት የሚመለሰው ከ0.5 በመቶ፣ በአር 02፣ አር 03 እና አር 04 የሚመለሰው ከ3 በመቶ፣ በጠቅላላው ከ15 በመቶ መብለጥ የለበትም። 300 አባላት ያሉት እድር በ2 ወር 600 ጊዜ ይሰበስባል፤ 0.5 በመቶው 3 ሰው ብቻ ነው። አራተኛው ሲመለስ ባንክዎ ማብራሪያ ሊጠይቅ፣ ካልተስተካከለም አገልግሎቱን ሊያቆም ይችላል።

ቀሪዎቹ በአጭሩ፦ አር 16 አካውንቱ ታግዷል፤ አባሉ ከባንኩ ጋር ይጨርስ። አር 24 ሁለት ጊዜ ልከዋል። አር 15 የአካውንቱ ባለቤት አርፏል ማለት ነው፤ ለእድር ይህ ኮድ ሒሳብ ሳይሆን መርዶ ስለሆነ ማስታወሻ ከመላክ በፊት ቤተሰቡ ጋር ይደወል።

ከፋይ ከሆኑ

ሊወሰድ የታቀደን ክፍያ ለማስቆም ቢያንስ ከ3 የሥራ ቀን በፊት ለባንክዎ ይንገሩ። በስልክ ይበቃል፤ ባንኩ ግን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅ ይችላል። አንዳንድ ባንኮች የሚያስቆሙት መጠኑን እያመሳከሩ ስለሆነ ሳንቲሙን ሳይቀር በትክክል ይንገሯቸው፣ ለድርጅቱም ለብቻው ይጻፉ።

ያልፈቀዱት ገንዘብ ከግል አካውንትዎ ከተወሰደ ባንኩ ስቴትመንቱን በላከ በ60 ቀን ውስጥ ያመልክቱ። ባንኩ በአብዛኛው 10 የሥራ ቀን ውስጥ ይወስናል፤ ካልቻለ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ እስከ 45 ቀን ሊያጣራ ይችላል። የሚፈርሙት ቃል ስለሆነ የፈቀዱትን ክፍያ «አልፈቀድኩም» ብለው አይፈርሙ። የኤልኤልሲ ወይም የሌላ ቢዝነስ አካውንት ይህ ጥበቃ የለውም፤ ባንኩ ለመመለስ ያለው 2 ቀን ብቻ ስለሆነ አካውንቱን በየዕለቱ ማየትና በማግስቱ መናገር ያስፈልጋል።

«ኦቨርድራፍት (ካለኝ በላይ መክፈል) አልፈልግም ብያለሁ» የሚለውም ከባንኩ ቅጣት አያድንም። ያ ምርጫ የሚሠራው ለካርድና ለኤቲኤም ነው፤ ኤሲኤች ላይ ባንኩ ከፍሎም ሆነ መልሶ ሊያስከፍል ይችላል። የግብር ክፍያ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ የባንኩ ብቻ አይደለም። ለአይአርኤስ የላኩት ከተመለሰ ክፍያው 1,250 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን 2 በመቶ፣ ከዚያ በታች ሲሆን 25 ዶላር ወይም የክፍያው መጠን፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ይቀጣሉ። ስለዚህ ግብር በሚከፍሉበት ሳምንት በስልክ ፎቶ የገባ፣ ገና ያልተለቀቀ ቼክ ላይ አይተማመኑ።